የዱዎዲነም የአሲድ መከላከያ

ዱዎዲነም የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ስሙ «አሥራ ሁለት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የጥንት ሐኪሞች በጣት ሲለኩት አሥራ ሁለት ጣት ሆኖ አግኝተውታልና። ጨጓራ የሚለቀውን አሲድ የተቀላቀለበት ምግብ ፊት ለፊት የሚቀበለው ይህ አጭር ቱቦ ነው።

የጨጓራ ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3.5 ነው። ጨጓራ ራሱን የሚጠብቅበት ወፍራም ዝልግልግ ልባስ አለው። ትንሹ አንጀት ግን ምግብ መጥጦ ወደ ደም ማሳለፍ ስላለበት ያን ያህል ተሸፋፍኖ መሥራት አይችልም። ስለዚህ አሲዱ ገና እንደገባ ያመክነዋል።

በሁለቱ መካከል ያለው የጡንቻ በር፣ ፓይሎረስ፣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል። ከበሩ ቀጥሎ፣ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር፣ የብሩነር ዕጢዎች ተደርድረዋል። ስማቸውን ያገኙት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከገለጻቸው ስዊዘርላንዳዊ የአካል አጥኚ ዮሐን ኮንራድ ብሩነር ነው። የሚያመነጩት ባይካርቦኔት ያለበት ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። አቀማመጣቸው ሥራቸውን ይናገራል፦ ከበሩ አጠገብ ተጨናንቀው ይገኙና የቆሽትና የሐሞት ቱቦ ከሚገባበት ቦታ በኋላ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ረዳት አለ ማለት ነው።

ረዳቱ ቆሽት ነው። አማርኛ የተናደደን ሰው «ቆሽቱ አረረ» ይለዋል፤ እዚህ ግን ቃጠሎውን የሚያበርደው ቆሽት ራሱ ነው። በቀን ከ1 ሊትር በላይ ባይካርቦኔት የበዛበት ፈሳሽ ይልካል። ባይካርቦኔቱ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ጨው፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አረፋ እንደሚያወጣው ማለት ነው። የቆሽት ኢንዛይሞችም የሚሠሩት አሲዱ ከበረደ በኋላ ነው።

ቆሽት አሲድ መግባቱን በምን ያውቃል? ለረጅም ጊዜ፣ በተለይም በፊዚዮሎጂ ተመራማሪው በኢቫን ፓቭሎቭ ተጽዕኖ፣ መልእክቱ በነርቭ እንደሚሄድ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአንድን ውሻ የአንጀት ቁራጭ ነርቮች በጥሰው አሲድ ጨመሩበት፤ ቆሽቱ ያለ ነርቭም ፈሳሹን ለቀቀ። ቀጥለው የአንጀቱን ሽፋን ፍቀው ከአሸዋና ከአሲድ ጋር ፈጩት፣ አጣርተውም በደም ሥር ሰጡት፤ ቆሽቱ አሁንም ሠራ። በደም የሚጓዘውን መልእክተኛ ሲክሪቲን አሉት። «ሆርሞን» የሚለውን ቃል ስታርሊንግ ያስተዋወቀው ከ3 ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሆርሞን ጥናት የተወለደው ከዚሁ ከአንጀት የአሲድ ጣጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲክሪቲን የሚለቀቀው የዱዎዲነም ፒኤች ከ4.5 በታች ሲወርድ ሲሆን፣ ጨጓራም አሲድ ማመንጨቱንና ምግብ መልቀቁን እንዲቀንስ ያደርጋል።

የሽፋኑ ሴሎች ራሳቸውም ባይካርቦኔት ያወጣሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም በአዲስ ይተካሉ። ይህን የሚያግዙት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሱት እነዚህኑ በመግታት ስለሆነ፣ ሲዘወተሩ አንጀትን ያቆስላሉ።

ዋነኛው አጥቂ ግን ኤች ፓይሎሪ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳደጉት ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ማደሪያው ጨጓራ ነው። አሲዱ ሲበዛበት የዱዎዲነም ሽፋን በየቦታው የጨጓራን ሽፋን መምሰል ይጀምራል፤ ይህ መከላከያ የመሰለ ለውጥ ለባክቴሪያው አዲስ መኖሪያ ይከፍትለታል። ቁስለቱም በአብዛኛው የሚወጣው ከቆሽት ቱቦ በፊት ባሉት የመጀመሪያ ሴንቲ ሜትሮች ላይ ነው።

በአገራችን ይህ ሁሉ «ጨጓራ» ተብሎ ይጠቀለላል፤ በርበሬና ሚጥሚጣም ይወቀሳሉ። ቅመም የታመመውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስለቱን የሚፈጥረው ግን እሱ አይደለም። የዱዎዲነም ቁስለት ብዙውን ጊዜ ሆድ ባዶ ሲሆንና በሌሊት ያማል፤ ሲበሉም ለጊዜው ይተዋል።