የ«አክተሩ» ጓደኛ

ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ፊልም ያየን ሁሉ «አክተር» ማለት ዋናው ጀግና ብቻ እየመሰለን አድገናል። ቃሉን በተዋስንበት በእንግሊዝኛ ግን ትርጉሙ «ተዋናይ» ነው፤ አንዴ ብቅ ብሎ የሚሞተውም አክተር ነው። እኛ ማዕረጉን ለአንዱ ጠቅልለን ስንሰጥ ሌላው «የአክተሩ ጓደኛ» ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ለዚሁ ጓደኛ «ሳይድኪክ» የሚሉት ቃል መጣልን። ምን አስዋሰን? «ጋሻ ጃግሬ» አለን አይደል! የጌታውን ጋሻ ይዞ ከጎኑ የሚዘምት ማለት ነበር፤ ዛሬ የፖለቲካ ስድብ አደረግነው እንጂ። የልዕለ ጀግና ፊልሞችም እንዲሁ ያሳንሱታል፦ ያስቃል፣ ይቆስላል፣ አክተሩ እንዲቆጣ ይሞታል። ፋልከን በ1969 እ.ኤ.አ. በኮሚክ መጽሔት የካፒቴን አሜሪካ አጋር ሆኖ ተፈጠረ፤ በሲኒማ ዋናውን ቦታ የያዘው ግን በ2025 ነው። እኛስ? አርበኛውን በላይ ዘለቀን ስናወድስ፣ አብሮት የተዋጋውንና አብሮት የተሰቀለውን ወንድሙን እጅጉን ስንቶቻችን እናነሳለን? ተዋናዩን ሁሉ «አክተር»፣ ከጀግናው ጎን የቆመውን «ጋሻ ጃግሬ» እንበል፤ ስድብነቱን ትተን ክብሩን እንመልስለት።