አጭር መልእክትና ፊደላችን
ከታሪክ አንጻር ሲታይ

የድርሰት ደብተር ስናርም ከምናገኛቸው ስሕተቶች መካከል በአሁኑ ዘመን በርከት ብለው የሚታዩ አሉ። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያቋርጠዋል፤ አራት ነጥቡን ይረሳዋል፤ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ «አንተ» የሚለውን ቃል በአንድ ፊደል ብቻ ጽፎ ያልፋል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነገሩ በተነሣ ቁጥር «ያበላሻቸው ስልኩ ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ እውነት ነውን? ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንመረምር ይገባናል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጽሕፈትን ማሳጠር ከስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓን ዜማ በምልክት ጽፈው አቆይተዋል። ምልክቶቹ ከቃላት ላይ የተወሰዱ አንድ ሁለት ፊደላት ሲሆኑ፣ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይሰፍራሉ። መሪጌታው ከእነዚያ ጥቂት ፊደላት ሙሉ የዜማ ሐረግ ያነባል። እኛም ብንሆን «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዓ.ም.» እያልን ስንጽፍ ማንም ስሕተት ነው አይለንም። በእንግሊዝ አገርም አድሚራል ጆን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፈው ደብዳቤ «አቤት አምላኬ» የሚለውን አባባል በሦስት ፊደላት አሳጥሮ ጽፎታል። ዛሬ ወጣቶች የእነርሱ ፈጠራ የሚመስላቸውን ምሕጻር የጻፈው የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም አሳጣሪዎቹ ሁሉ ሙሉውን አስቀድመው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። መሪጌታው ዜማውን በቃሉ አጥንቶ ጨርሷል፤ አድሚራሉም ቋንቋውን ጠንቅቆ ያውቃል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተላከው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ነው። ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ «መልካም ገና» የሚል ቃል ከኮምፒዩተር ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ላከ። ለአንድ መልእክት የተመደበው ቦታ 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል 7 ቢት ሲሰጥ 160 ፊደላት ይይዛል። የግእዝ ፊደል ግን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄያት ብቻ ነው። ተማሪዎች ይህን ስሌት በደብተራቸው ላይ ቢሠሩት መልካም ነው።

በአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። አጭር መልእክት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ እንደገና ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በብዙው ሰው እጅ የነበረው ስልክ የግእዝ ፊደል አልነበረውም። ወጣቱ ያለው ምርጫ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ብቻ ነበር፤ ይህንኑም አደረገ። ስለዚህ ልማዱ የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከመሣሪያው ጉድለት ነው። የሚያሳዝነው ግን ጉድለቱ ከተወገደ በኋላ ልማዱ መቅረቱ ነው። ዛሬ በዘመናዊ ስልኮች ፊደላችን እያለ ብዙዎች አሁንም በላቲን ይጽፋሉ።

የሚሰጡት ምክንያት «የላቲኑ ያጥራል» የሚል ነው። እስቲ እንቍጠር። «ሰላም» በእኛ 3 ሆሄ፣ በላቲን 5 ፊደል ነው፤ «መምህር» 4 እና 6፤ «ተማሪዎች» 5 እና 10። ሦስቱ ቃላት በግእዝ 12፣ በላቲን 21 ሆኑ። በዚህ ስሌት 70ዎቹ ሆሄያት 120 ገደማ የላቲን ፊደላት የሚይዙትን ያህል ይይዛሉ። ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም።

የሚጠፋው ነገር ግን ብዙ ነው። በላቲኑ «ቲ» ብቻ «ተ»ንም «ጠ»ንም፣ በ«ኬ» ብቻ «ከ»ንም «ቀ»ንም የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ሲጻፍ «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መታ» አንድ ይሆናሉ፤ «ከበረ» እና «ቀበረ»ም አይለዩም። አንባቢው ትርጉሙን በግምት መፈለግ አለበት። ከዚህም አልፈው አናባቢዎቹን ጥለው «ሰላም»ን በሦስት ተነባቢዎች ብቻ የሚጽፉ አሉ።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ ነገር ያስታውሰናል። የጥንት የግእዝ ጽሕፈት አናባቢ አልነበረውም። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን በአክሱም ከተቀረጹት የድንጋይ ጽሑፎች ውስጥ አናባቢ የሌላቸውም ያላቸውም ይገኛሉ። አባቶቻችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ቤቶች ለይተው አንባቢን ከግምት አወጡት። እንግዲህ አናባቢ የሚጥለው ወጣት አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ከ1600 ዓመት በፊት ወደ ተተወው መንገድ ተመለሰ እንጂ።

ታዲያ ማሳጠር ችሎታን ይገድላልን? በእንግሊዝ አገር የኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤቨርሊ ፕሌስተር፣ ክሌር ዉድና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 88 ልጆችን መርምረዋል። በመልእክታቸው ምሕጻር የሚያበዙት ልጆች በንባብና በቃላት ዕውቀት ደካሞች ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም የተሻሉ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድምፅን ከፊደል ጋር ማዛመድ የማይችል ልጅ በድምፅ ላይ ተመሥርቶ ማሳጠር አይችልም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ተገኙ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም።

ይህንን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ ክፍል ማምጣትም አይገባም። እንግሊዛዊው ልጅ የሚያሳጥረው በተማረበት ፊደል ነው። ስዋሂሊ የሚጽፈው የኬንያ ተማሪ፣ በቁቤ የሚማረው የኦሮምኛ ተማሪ፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን የሚጻፈውን ሶማልኛ የሚያጠናው ልጅም እንዲሁ ናቸው። የአማርኛው ተማሪ ግን ማሳጠር ብቻ ሳይሆን ፊደል ይለውጣል። በስልኩ የሚጽፈው ሁሉ ለፊደሉ ልምምድ አይሆነውም። እንደ እኛ አስተያየት ትልቁ ጉዳት ይኸው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ መጣልም ራስን ማታለል ነው። መጽሐፍ ያልተሰጠው፣ ድርሰት ያልተለማመደ፣ ደብተሩ ያልታረመለት ልጅ ስልክ ባይኖረውም ጽሕፈቱ ደካማ ነው።

ስለዚህ መምህራን ስልክን ከመርገም ይልቅ ሦስት ነገር ብናደርግ ይሻላል። አንደኛ፣ የቃል ጽሕፈትን ወደ ክፍላችን እንመልስ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ በላቲን የተጻፈ መልእክት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማሪዎቹ በሙሉ አማርኛ ይገልብጡት፤ «መጣ» ነው ወይስ «መታ» ብለው ሲከራከሩ የፊደላቸውን ዋጋ ራሳቸው ያገኙታል። ሦስተኛ፣ ለእኛ ለመምህሮቻቸው መልእክት ሲልኩ በፊደላቸው እንዲጽፉ እንጠይቃቸው፤ እኛም በዚያው እንመልስላቸው። ይህን የማያደርግ መምህር ተማሪውን ሊወቅስ አይችልም።

እናንተም ተማሪዎች፣ ማሳጠርን አንከለክላችሁም። ሙሉውን የሚያውቅ ያሳጥር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ የምትጽፉትን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው «መጣ» ይሁን «መታ» ሳይቸገር እንዲለይ አድርጋችሁ ጻፉ።