ኬላውን አልፎ የጠፋው ሽማግሌ፦ ላኦዚ በእርግጥ ነበረ?



በበሬ ላይ ተቀምጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ የሚያሳየውን የቻይና ሥዕል አንዳንዶቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ሽማግሌው ላኦዚ ይባላል። የታኦይዝም መሥራችና «ዳኦ ዴ ጂንግ» የተባለችው ትንሽ መጽሐፍ ደራሲ እንደሆነ ይነገርለታል። በስሙ የተለጠፉ አባባሎችም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ግን ይህ ሰው በእርግጥ ኖሯል? እስቲ የክርክሩን ሁለት ወገኖች አብረን እንይ።

🔹 ታሪኩን የጻፈው ማን ነው?

ዛሬ በእጃችን ያለውን የላኦዚን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የሃን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ሲማ ቺየን ነው። «ሺጂ» የተባለውን ታላቅ የታሪክ መጽሐፉን ያዘጋጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት አካባቢ ነው። እሱ እንደጻፈው የላኦዚ የቤተሰብ ስም ሊ፣ መጠሪያው ኧር ሲሆን ዳን እየተባለም ይጠራ ነበር። የቹ ግዛት ሰው ነው፤ በዦው ነገሥታት ቤተ መዛግብትም ይሠራ ነበር። ኮንፊሽየስ ስለ ሥርዓት ሊጠይቀው ሄዶ በሰውየው ተደንቆ ተመለሰ።

ላኦዚ የዦው መንግሥት መዳከሙን ሲያይ አገሩን ለቆ ወጣ። ድንበር ላይ ሲደርስ ዪን ሺ የተባለው የኬላ ሹም ከመሰወሩ በፊት መጽሐፍ እንዲጽፍለት ለመነው። እሱም ከ5,000 በላይ በሆኑ የቻይንኛ ፊደላት ጽፎ ሰጠውና ኬላውን አልፎ ሄደ። መጨረሻውን ያወቀ የለም ይላል ሲማ ቺየን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክርክርም ባልተነሳ ነበር። ሲማ ቺየን ግን ሐቀኛ ጸሐፊ ስለሆነ የሰማውን ሌላ ወሬም አልደበቀም። አንዳንዶች ላኦዚ የሚባለው ላኦ ላይዚ የተባለ ሌላ የቹ ሰው ነው እንደሚሉ፣ ሌሎች ደግሞ ኮንፊሽየስ ከሞተ 129 ዓመት በኋላ የቺንን ገዢ ያነጋገረው ዳን የተባለ የዦው መዝገብ ጸሐፊ ነው እንደሚሉ መዘገበ። 160 ወይም ከ200 ዓመት በላይ ኖሯል የሚለውንም ጨመረ። በመጨረሻም የትኛው እውነት እንደሆነ ዓለም አያውቅም ብሎ ተወው። ልብ በሉ! የመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም።

🔹 «አልነበረም» የሚሉት ምን ይላሉ?

አንደኛ፦ «ላኦዚ» ስም ሳይሆን ማዕረግ ይመስላል። ትርጉሙ «አሮጌው መምህር» ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ የትውልድ ሐረጉ አይገጥምም። ቻይናዊው ምሁር ሊያንግ ቺቻዎ በ1922 እንዳነሳው፣ በሲማ ቺየን መዝገብ የላኦዚ 8ኛ ትውልድ የኖረው የኮንፊሽየስ 13ኛ ትውልድ በነበረበት ዘመን ነው። በዕድሜ ከኮንፊሽየስ የሚበልጥ ሰው ዘሩ እንዴት ይህን ያህል ወደኋላ ይቀራል?

ሦስተኛ፦ ምንጮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። «ዡዋንግዚ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ላኦ ዳን እንደሞተና ለቅሶ የደረሰው ሰው እንደነበረ ይተርካል። ታዲያ መጨረሻው አይታወቅም የተባለው ሰውዬ የትኛው ነው?

🔹 «ነበረ» የሚሉትስ?

እነዚህም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የኮንፊሽየስ ተከታዮች በሚያከብሩት የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ኮንፊሽየስ ከላኦ ዳን የተማረውን ይናገራል። አንድ ቀን አብረው ቀብር ሲሸኙ ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ላኦ ዳንም አስከሬኑ መንገድ ዳር እንዲቆምና ለቅሶው እንዲቋረጥ ያዛል። ባላንጣ የሆነ ወገን የራሱን መምህር የሌላው ደቀ መዝሙር የሚያደርግ ታሪክ ለምን ይፈጥራል? ይላሉ። ሁ ሺ የተባለው ታዋቂ ምሁርም ላኦዚ ከኮንፊሽየስ በፊት የነበረ እውነተኛ ሰው ነው ብሎ ተከራክሯል።

ችግሩ ግን እዚህም አለ። በዚህ ታሪክ ያለው ላኦ ዳን ለሥርዓት ጥቃቅን ሕግ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። «ዳኦ ዴ ጂንግ» ደግሞ ሥርዓትን ዝቅ አድርጋ የምታይ መጽሐፍ ናት። ስለዚህ ላኦ ዳን የሚባል ሰው ቢኖር እንኳ የመጽሐፏ ደራሲ እሱ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።

🔹 መቃብሮቹ ምን ተናገሩ?

በ1973 ቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱዪ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። ዛሬ ኋላ የሚመጣው የመጽሐፏ ክፍል በእነሱ ላይ ፊት ነው የተቀመጠው። በ1993 ደግሞ በሁቤይ ክፍለ ሀገር ጉዎዲያን ላይ፣ ከልደት በፊት በ300 አካባቢ ከተዘጋ መቃብር በቀርከሃ ላይ የተጻፈ ወጣ። ይህ በሦስት እሽግ የተከፈለ ሲሆን የዛሬዋን መጽሐፍ ሁለት አምስተኛ ያህል ብቻ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ የደራሲም ስም የለበትም።

ግኝቱ ሁለቱንም ወገን የሚገሥጽ ነው። መጽሐፏ በጣም ዘግይታ የተጻፈች ናት ላሉት፣ ቃሎቿ በ300 አካባቢ በጽሑፍ እንደነበሩ አሳየ። አንድ ሰው ኬላ ላይ ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ጻፋት ለሚሉት ደግሞ፣ በብዙ እጅ ቀስ በቀስ የተሰበሰበች እንደምትመስል አሳየ። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ወደዚህኛው ያዘነብላሉ።

🔹 ባዶውን ቦታ ማን ሞላው?

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን ይህ ነው። ሲማ ቺየን «አይታወቅም» ብሎ ክፍት የተወውን ቦታ ኋላ የመጡት እንደፍላጎታቸው ሞሉት። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሃን ንጉሥ ለላኦዚ መሥዋዕት አቀረበ። የታንግ ነገሥታት የቤተሰብ ስማቸው ሊ ስለነበር ላኦዚ አያታችን ነው አሉ፤ በ666ም ንጉሠ ነገሥት የሚል ማዕረግ ሰጡት። አንዳንድ ታኦይስቶች ደግሞ ወደ ምዕራብ የሄደው ሕንድ ገብቶ ቡድሃ ሊሆን ነው የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚህ ሳቢያ ከቡድሂስቶች ጋር ለዘመናት ተናቆሩ። በመጨረሻ በ1281 ኩብላይ ካን ከ«ዳኦ ዴ ጂንግ» በቀር የታኦይስቶች መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። «አይታወቅም» በተባለ ነገር ላይ የተጨመረ ወሬ ስንት መጽሐፍ አመድ አደረገ!

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ላኦ ዳን የሚባል ሽማግሌ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፏን ብቻውን ስለመጻፉ ግን ማስረጃው አይደግፍም። ከዚህ በላይ መሄድ ግምት ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ በነገ ጠዋት ስልካችን ላይ «ላኦዚ እንዳለው» የሚል ጥቅስ ሲመጣ ከማጋራታችን በፊት «ማን ጻፈው? መቼ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ሲጠፋም እንደ ሲማ ቺየን አይታወቅም ማለት አያሳፍርም።

ወላሁ አዕለም።