የመንፈስ ወንበር፦ ንጎማና ፈውስ በዛንዚባር

በዛንዚባር ደሴት ንጎማ የሚለው የስዋሂሊ ቃል ከበሮውንም፣ ጭፈራውንም፣ ከበሮው የሚመታበትንም ሥርዐት ይጠራል። ለመናፍስት የሚመታው ንጎማ ሕክምና ነው። ሕመሟ አልድን ያላት ሴት (ታማሚዎቹ በብዛት ሴቶች ናቸው) ፉንዲ ወደሚባል ባለሙያ ትሄዳለች፤ ግንበኛውና ልብስ ሰፊውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል። እያንዳንዱ የመናፍስት ወገን የራሱ ዜማ ስላለው፣ በሴቲቱ ላይ ያለው መንፈስ ዜማውን ሲሰማ ይነሣል ተብሎ ይታመናል። ያን ጊዜ ስሙን፣ አገሩንና የሚፈልገውን ይጠየቃል።

ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ይህ አጋንንት ማስወጣት ይመስላል። ነገር ግን በአብዛኛው ድርድር ነው። መንፈሱ የጠየቀው ይሰጠዋል፣ እርሱም ማሳመሙን ይተዋል፤ ሴቲቱ ግን የመንፈሱ «ኪቲ»፣ ማለትም ወንበር፣ ሆና ትቀራለች። በእኛ አገር «የዛር ፈረስ» የሚባለውን የሚያውቅ አገልጋይ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

መናፍስቱ የተከፈሉት በትውልድ አገር ነው። ደሴቲቱን ያጠናችው ኖርዌያዊት አንትሮፖሎጂስት ሼርስቲ ላርሰን እንደምትገልጸው፣ ሩሃኒ የሚባሉት ከዓረብ ምድር የመጡ ሙስሊሞች፣ ሩባምባ የፔምባ ደሴት ሰዎች፣ ኪቡኪ ደግሞ ብራንዲ የሚወድዱ የማዳጋስካር ክርስቲያኖች ናቸው። ሐበሺያ የሚባሉትም አሉ፤ ኢትዮጵያውያን፣ እነርሱም ክርስቲያኖች።

ሐበሻ እዚያ ምን ወሰደው? መልሱ የባሪያ ንግድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐበሻ ሴቶች በዛንዚባር ሱልጣን ቤተ መንግሥት በቁባትነት ይኖሩ ነበር። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ሳልሜ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው ትዝታዋ ስለ እነርሱ ጽፋለች፤ ከ1870 እስከ 1888 የገዛው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ሐበሻ ነበረች። የአብዛኞቹን ስም የመዘገበ የለም። የመጡበት አገር ስም ግን በመናፍስቱ ወገን ስም ውስጥ ቆይቷል። ይህን ታሪክ «አጉል እምነት» ብሎ ማለፍ የእነዚያን ሴቶች መከራ አብሮ መጣል ይመስለኛል።

«ክርስቲያን መንፈስ» የሚለው አነጋገርም ለእኛ ከባድ ነው። በዚህ አከፋፈል ክርስትና እንደ ብራንዲው ሁሉ የባዕድ ሰው መለያ ነው፤ ክርስቶስ የለበትም። ቀድሞ በሸዋ የነበረውና በ1844 ዛንዚባር የደረሰው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ በኋላም የባሪያ ገበያው በተዘጋበት በ1873 በዚያው ስፍራ የካቴድራል ግንባታ ያስጀመረው ጳጳስ ስቲር ወንጌልን ያመጡት ወደዚህ ዓለም ነበር። የስዋሂሊ መጽሐፍ ቅዱስ ለአጋንንት የተጠቀመበት «ፔፖ» የሚለው ቃል የንጎማው ቃል ነው። ደሴቲቱ ግብር ከፍላ የምታስተናግደው ፔፖ በወንጌል ውስጥ ውጣ የሚባል ሆነ።

በማርቆስ 5 ጌታ ስም ይጠይቃል፤ አጋንንቱም ወደ እሪያዎቹ እንዲሰዳቸው ይለምኑታል። ይህ ድርድር አይደለምን? አይደለም። ሰውዬው አንዳች አልከፈለም፣ የማንም ወንበር ሆኖ አልቀረም፤ ልቡ ተመልሶለት ወደ ቤቱ ተላከ። በ1ኛ ሳሙኤል 16 ዳዊት በገና ሲደረድርም ክፉው መንፈስ ከሳኦል ይርቅ ነበር። ስለዚህ ክርክራችን ከከበሮው ጋር አይደለም። ይልቅስ በአንዳንድ መድረኮቻችን መንፈሱን በማይክሮፎን አገሩንና ፍላጎቱን ረጅም ሰዓት ስንጠይቀው፣ የፉንዲውን ሥራ እየሠራን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ንጎማው ለታማሚዋ የሚሰጣት አንድ ነገር ግን አለ፤ አብረዋት የሚቀመጡ፣ በሌላ ጊዜም እርሷ የምትቀመጥላቸው ሰዎች። እኛ ከጸለይንላት በኋላ በማግሥቱ ቤቷ የሚሄደው ማን ነው? በሉቃስ 8 ከክፉዎች መናፍስት የተፈወሱት ሴቶች ከጌታና ከአሥራ ሁለቱ ጋር በየከተማው ይዞሩ ነበር፤ በገንዘባቸውም ያገለግሉ ነበር።