ጨው ውስጥ የተቀመጠ ነዳጅ

አሜሪካ ለክፉ ቀን ያለችውን ድፍድፍ ነዳጅ ያስቀመጠችው በብረት ታንከር አይደለም፤ ጨው ውስጥ ነው። ብራያን ማውንድ፣ ቢግ ሂል፣ ዌስት ሃክቤሪ እና ባዩ ቾክታው በሚባሉ አራት የቴክሳስና የሉዊዚያና ቦታዎች፣ ከመሬት በታች ተራራ የሚያህል ጨው አለ። ውሃ እየተለቀቀበት ይሟሟና ዋሻ ይሆናል፤ የአንድ በርሜል ክፍተት ለማግኘት ሰባት በርሜል ውሃ ይፈጃል። የአንዱ ዋሻ ወርድ 60 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ነዳጁ ሲፈለግ ከሥሩ ውሃ ይገባል፤ ነዳጁም ከውሃ ስለሚቀል ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ውሃ ግን ግድግዳውን ይበላዋል። ዋሻዎቹ ሲሠሩም ለአምስት ጊዜ ያህል ተሟጠው እንዲሞሉ ታስቦ ነው።

ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ስለምነዳ ነው፤ የቤንዚን ዋጋ የእኔ ቤት ጉዳይ ነው። ነገሩ ግን ከዚያም ይርቃል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች አሜሪካ እስራኤልን በመደገፏ ማዕቀብ ጣሉባት፤ ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ፕሬዚዳንት ፎርድ መጠባበቂያውን ያቋቋመውን ሕግ በታኅሣሥ 1975 ፈረሙ። በሐምሌ 1977 የገባው የመጀመሪያው ድፍድፍ የሳዑዲ ዓረቢያ ነበር፤ ማዕቀቡን ከጣሉት አገሮች የአንዷ።

ያው ንረት አዲስ አበባም ገባ። አባቴ ሰማያዊና ነጭ ሰይቸንቶ ይነዳ ነበር። ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨመረ፣ የእሱ ታሪፍ ግን ባለበት ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ከቀናት በኋላ ዋጋውን ቀነስ ቢያደርግም ቁጣው ሊበርድ አልቻለም፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ስለዚህ መጠባበቂያ ለእጥረት ብቻ እንጂ ዋጋ ለማርገብ አይነካም የሚሉትን ስሰማ አልስማማም። ማደያው ሞልቶ ሳለ አባቴ መቅዳት ካቃተው፣ ለእኛ ቤት ያ እጥረት ነበር። ማስታገሻም በጊዜው ካልመጣ ምን እንደሚከተል አይተናል።

በጊዜው ሲመጣ ደግሞ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲፈነዳ ፕሬዚዳንት ቡሽ መጠባበቂያው እንዲከፈት አዘዙ። ከዋሻው አንድ በርሜል ሳይወጣ ዋጋው በአንድ ቀን ከ32 ወደ 21 ዶላር ግድም ወረደ። የጦሩ የመጀመሪያ ምት መቅናቱም ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ይሁንና ገበያው ክምችት እንዳለ ማወቁ ራሱ አረጋግቶታል። የተሸጠውም 17 ሚሊዮን በርሜል ያህል ብቻ ነው።

ትልቁ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2022 መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ በሰኔ የአንድ ጋሎን ቤንዚን አማካይ ዋጋ 5 ዶላር አለፈ። ባይደን በመጋቢት መጨረሻ በቀን አንድ ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 180 ሚሊዮን በርሜል እንዲለቀቅ ወስነው ነበር። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከሌሎች አገሮች ጋር በቅንጅት የተደረገው ይህ ሽያጭ ከጋሎን ላይ ከ17 እስከ 42 ሳንቲም እንደቀነሰ ገመተ። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ክምችቱ ግን በ2023 ወደ 350 ሚሊዮን በርሜል ወረደ፤ ከ1983 ወዲህ ያልታየ ዝቅታ ነበር።

ሰው ሁሉ ለዚህ ባይደንን ሲወቅስ እሰማለሁ፤ እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ሌላው ሽያጭ ነው። ኮንግረስ በ1996፣ ኋላም ከ2015 ጀምሮ፣ የበጀት ቀዳዳ ለመድፈን ከዚሁ ክምችት እንዲሸጥ በሕግ አዟል። ያ ሽያጭ የታዘዘው በጦርነት ወይም በማዕቀብ ምክንያት አልነበረም። በ2022 መጨረሻ ኮንግረሱ ራሱ ከእነዚህ የታቀዱ ሽያጮች 140 ሚሊዮን በርሜል ያህሉን ሰረዘ። ዋሻውን ለመሙላት ከተደረገው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ አንድ በርሜል መግዛት አላስፈለገም።