ለዚያ እግር ቁጥር የለውም

አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን አሸነፈ። ጀግንነቱን ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱን ግን እንዘለዋለን፤ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ ደገመው። አበበ ከጫማ ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ጠቡ ከማይስማማ ጫማ ጋር ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ጋምቤላ እንውረድ። በእኛ አገር «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት በእርግጥ ሁለት በሽታ ነው። አንደኛው ከጋምቤላ በስተምሥራቅ ባሉት የኢሉባቦርና የወለጋ ደጋዎች የታወቀው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መነሻው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ይህን ጫማ ይከላከለዋል። ሁለተኛው በባሮ ቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ነው፤ እሱን ጫማ አያስቆመውም። በጋምቤላ ክልል ወረዳዎች መከላከያ መድኃኒቱ በጅምላ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

መንስኤው ይለያይ እንጂ እግሩ ካበጠ በኋላ የሁለቱም ታማሚ ችግር አንድ ነው፦ ሱቅ ውስጥ ልኩ የለም። 43 ቢሉት አይገባም፣ 45 ቢሉት አይገባም። ኮንጎ ጫማም ሆነ ሸራ የሚሠራው ላላበጠ እግር ነው። ባዶ እግሩን ሲሄድ ቁስሉ ጀርም ይገባበታል፣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ እብጠቱ ይብሳል። ሰፈርተኛው ደግሞ «እርግማን ነው» ብሎ ከሠርግም ከለቅሶም ያርቀዋል።

በአልፕስ ተራሮች በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ቡት ሲገዛ፣ ባለሙያው የውስጡን ገበር አሙቆ በእግሩ ቅርጽ ያበጅለታል። ለመዝናኛ ነው፤ አንቀናም። ግን ነገሩ እኛም አገር ተሠርቷል። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ላበጡ እግሮች በልካቸው ጫማ የሚሰፋበት ወርክሾፕ ተቋቁሞ፣ ከሰፊዎቹ መካከል ራሳቸው ታማሚ የነበሩ ይገኙበታል። የሚፈለገው ቆዳ፣ መርፌና የእግሩን ልክ የሚወስድ ሰው ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ስናይ «ለምን ጫማ አያደርግም?» ከማለታችን በፊት «የትኛውን ጫማ?» እንበል። አበበ በመጨረሻ ልኩን አገኘ። የባሮ ዳሩ ሰው ዛሬም እየጠበቀ ነው።