ያው ጀፎሮ፣ ሁለት ጊዜ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ካርቶን ሳገላብጥ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሳልኩት የጀፎሮ ሥዕል ወጣ። ቁጭ ብዬ ደግሜ ሳልኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ አፈርኩ።

በድሮው ላይ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ነጥብ ሆኗል። ሰው የለበት፣ ሣር የለበት። ከመማሪያ መጽሐፍ የቀዳሁት የፈረንጅ ጎዳና እንጂ ጀፎሮ አይደለም። ጀፎሮ እኮ ሰፊ መስክ ነው፤ ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊታቸውን ያዞሩለት፣ ሰርግም ለቅሶም ሽምግልናም የሚውልበት። እላዩ ላይ እየቦረቅኩ አድጌ አላየሁትም ነበር!

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ለማስቀዳት የኢየሱሳውያን አለቃ በ1569 እ.ኤ.አ. ከጳጳሱ ፈቃድ አገኘ። ቅጂዋ ከሚሲዮናውያኑ ጋር አገራችን ገባች። ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሯቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። ሠዓሊዎቻችንም ደጋግመው ሳሏት።

መጀመሪያ ላይ የተነባበሩት እጆቿ፣ የያዘችው መሐረብ፣ የልጇ መጽሐፍ ሳይቀር እንዳለ ተቀዳ። እየቆየ ግን ቀድሞም በሥዕሎቻችን የነበሩት ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ግራና ቀኟ ቆሙ። ፊቷም የእኛን ሰው መሰለ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ስንደርስ፣ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዛሬ ያቺን ሥዕል አይቶ የፈረንጅ ናት የሚል ማን አለ? መደጋገሙ ነው የእኛ ያደረጋት።

ወልቂጤና ቡታጅራ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ እኔ ግን "አትድገሙ፣ አዲስ አምጡ" እያልኩ ማርክ ስቀንስባችሁ ነበር። አንዷን አልረሳትም። ያንኑ የጓሯቸውን እንሰት አራት ጊዜ ስላ መጣች። "ሌላ ነገር የለሽም እንዴ?" አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። አራተኛው ላይ ቅጠሉ ንፋስ እንደተረተረው ሆኖ ተሥሎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ላይ ግን ድፍን አረንጓዴ ነበር። ልጅቷ ማየት ጀምራ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንሰት አላመጣችም።

ይሄን ካነበብሽ ይቅር በይኝ። አምስተኛውን ስትሥዪ ላኪልኝ።

ሌሎቻችሁም የድሮውን ሥዕል አትጣሉ። አውጡና ድገሙት።